ባልንጀራና ጋሻ ጃግሬ
ስለ ቪክቶር ኔክራሶቭ የስታሊንግራድ መጽሐፍ

ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ከውጊያው ርቆ የኖረ እንደ ሆነ ነገሩን በካርታ ላይ ያየዋል፤ ይህ ክፍለ ጦር ወዲህ ዞረ፥ ያኛው ወንዝ ተሻገረ፥ ከተማው ተያዘ እያለ ይተርካል። በውጊያው ውስጥ የነበረ እንደ ሆነ ደግሞ ልቡ ስለሚሞላበት ወይ ወደ ፉከራ ወይ ወደ ሙሾ ያዘነብላል። ይህንንም ያንንም ትቶ በራሱ መንገድ የሄደ ጸሐፊ ሲገኝ ግን አንባቢ ቆም ብሎ ሊመለከተው ይገባል። የቪክቶር ኔክራሶቭ «በስታሊንግራድ ምሽጎች ውስጥ» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ እንዲህ ካሉት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ ነው። መጀመሪያ በ1946 «ስታሊንግራድ» በሚል ስም «ዝናምያ» በተባለው የሞስኮ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ወጣ፤ በ1947 የስታሊንን ሽልማት በሁለተኛ ደረጃ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኔክራሶቭ በ1911 በኪየቭ ተወለደ። የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነበር፤ በቴያትር ቤትም ተዋናይ ሆኖ ሠርቷል። ጦርነቱ ሲመጣ የመሐንዲስ ጦር መኮንን ሆነና በስታሊንግራድ ፈንጂ ሲያስቀብር፥ ምሽግ ሲያስቆፍር ከረመ። የመጽሐፉ ባለታሪክ የመቶ አለቃ ዩሪ ኬርዠንትሴቭም በሰላም ጊዜ የኪየቭ አርክቴክት ነበር። ቤት ለመሥራት የተማረ ሰው ቤት ሁሉ ፍርስራሽ በሆነበት ከተማ፥ ግድግዳን የሚያየው ጥይት ይመልሳል ወይስ አይመልስም በሚል ዓይን ብቻ ሆኖ መቅረቱን ደራሲው አጉልቶ አይናገረውም። አንባቢው ግን ሳይነገረው ያስበዋል።

ወደ መጽሐፉ ከመግባታችን በፊት ስለ ውጊያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ ቮልጎግራድ የምትባለው ስታሊንግራድ በቮልጋ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር እንደ መቀነት የተዘረጋች ረጅምና ጠባብ ከተማ ነበረች። ኦገስት 23 ቀን 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ በሴፕቴምበር ውጊያው ወደ መንገዶቿና ወደ ቤቶቿ ገባ። 62ኛውን ጦር ያዝዙ የነበሩት ጄኔራል ቹይኮቭ ወታደሮቻቸው ከጠላት ምሽግ እንዳይርቁ፥ እንዲያውም በተቻለ መጠን እንዲጠጉት አዘዙ፤ ሁለቱ ወገኖች የእጅ ቦምብ በሚወረወርበት ርቀት የተቃረቡ እንደ ሆነ የጀርመን አውሮፕላን የራሱን ሰው እንዳይፈጅ ስለሚሠጋ ቦምብ መጣል ይቸግረዋልና። ስለዚህ የብዙ ሺህ ሰው ጦርነት የጥቂት ሰዎች ጦርነት ሆነ። አንዱ ወገን ምድር ቤቱን ሲይዝ ሌላው ፎቁን ይይዛል፤ በመካከል ያለው ደረጃ የማንም ያልሆነ መሬት ይሆናል። መሣሪያውም የእጅ ቦምብ፥ አጭር አውቶማቲክ ጠመንጃ፥ ጩቤና የተሳለ አካፋ ነበር። ከኋላ ወንዙ አለ፤ ጥይትና ስንቅ የሚመጣው፥ ቁስለኛም የሚሻገረው ይልቁንም በሌሊት፥ በጀልባ ነው። ኖቬምበር 19 ቀን የሶቪየት ጦር ከከተማዋ ውጭ ታላቁን ማጥቃት ጀመረ፤ በአራት ቀን ውስጥ ጀርመኖቹን ከበባቸው፤ የመጨረሻዎቹም ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 እጃቸውን ሰጡ።

ይህን ሁሉ እዚህ መተረኬ ኔክራሶቭ ከቶ ስለማይተርከው ነው። የእርሱ መቶ አለቃ ጄኔራሎቹ ምን እንዳሰቡ አያውቅም። መጽሐፉ የሚጀምረው በ1942 በጋ፥ ጦሩ ከኦስኮል ወንዝ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነው፤ ከተማዋ ደርሰን ውጊያው እስኪጀመር ድረስ ብዙ ገጽ እንሄዳለን። ስታሊንግራድም መጀመሪያ የምትገባው በሰላም ነው፤ ሻይ አለ፥ ንጹሕ አልጋ አለ፥ ሉስያ ከምትባል ወጣት ጋር በማማየቭ ኩርጋን ኮረብታ ላይ ሽርሽር አለ። ከኮረብታው ላይ ሆነው ከተማዋን ሲያዩ ባለታሪኩ የሚያስበው እዚህ ቦታ መትረየስ ቢጠመድ መልካም መሆኑን ነው፤ ልጅቱም ታዝንበታለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ኮረብታ ላይ የሚዋጋው እርሱ ራሱ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ይህን መገጣጠም ይዞ አንድ ምዕራፍ ባለቀሰበት ነበር። ኔክራሶቭ ባጭሩ አስታውሶ ያልፈዋል።

በሌሊት ወንዙን ተሻግሮ ከገባ በኋላ የሻለቃው አዛዥ ይሞታል፤ መሐንዲሱ ኬርዠንትሴቭ ያላሰበውን የእግረኛ ሻለቃ ይረከባል። ሻለቃ ማለት ደግሞ በስም ነው፤ የቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የመጽሐፉ ዓለም እየጠበበ ይሄዳል። በመጀመሪያው ክፍል ወንዞችና መንደሮች፥ ረጅም መንገዶችም ነበሩ፤ አሁን የቀረው «ሜቲዝ» የሚባለው ፋብሪካ፥ አንድ ሸለቆ፥ የኮረብታው ጎን ነው። የሩቅ ነገር ሁሉ ወሬ ይሆናል። ይህ መጥበብ ለባልንጀርነቱ ምክንያት ነው። ሰው በሰላም ጊዜ ወዳጁን የሚመርጠው በጠባይ፥ በትምህርት፥ በአገር ልጅነት ነው። እዚህ ግን ወንድም የሚሆነው በዚያች ጥቂት እርምጃ ውስጥ የተገኘው ሰው ነው፤ መርከበኛ የነበረው የቃፊሮቹ አለቃ ቹማክ ይሁን፥ ዓይኑ በመነጽር የሚያይ የሒሳብ ምሁር ፋርበር ይሁን፥ ምርጫ የለም።

የጨበጣ ውጊያው ራሱ በመጽሐፉ የያዘው ቦታ እጅግ ጥቂት መሆኑ መጀመሪያ ሳነበው አስደነቀኝ። ኮረብታውን በሌሊት ለመያዝ ሲወጡ ከመነሣታቸው በፊት ያለው መጠባበቅ ረጅም ነው፤ ከያዙት በኋላ ተቆርጠው የቀሩበት ጊዜም ረጅም ነው። በመካከል ያለው፥ ሰው ከሰው ጋር የሚተናነቅበት፥ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ተቆራርጦ ያልፋል። ማን ማንን እንደ ገደለ በትክክል አይታወቅም። በእኛ አገር በፉከራና በቀረርቶ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ፎካሪው ገዳይነቱን ሲናገር የሟቹን ማንነት፥ የቦታውን ስም፥ የመሣሪያውን ዓይነት ይቆጥራል፤ ግዳይ ያለ ምስክር ግዳይ አይደለምና። ነገር ግን በጨለማ፥ በጭስና በጡብ ክምር መካከል ምስክር ከየት ይገኛል? ኔክራሶቭ ያላየውን አልጻፈም። በስታሊንግራድ የነበረ መኮንን በዚያች ደቂቃ ያየው ይህንኑ ያህል ከሆነ፥ ማሳጠሩ የጥበብ ጉድለት ነው ሊባል አይገባም። እንዲያውም ታሪኩን በአመዛኙ አሁን እንደሚደረግ ነገር አድርጎ መተረኩ፥ ባለታሪኩ ከሚቀጥለው ሰዓት በሕይወት ይውጣ አይውጣ ሳያውቅ እንዲናገር ረድቶታል። (ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢነሣ የሚከብደው ይህ ነው። የእኛ ትረካ «ሄደ፥ መጣ፥ ተኰሰ» በሚለው ያለፈ ጊዜ ስለሚፈስ «ይሄዳል፥ ይመጣል» እያለ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለመዝለቅ ብርቱ ጆሮ ያስፈልጋል።)

ባልንጀርነቱን በሚገባ የምናየው በቫሌጋ ነው። ቫሌጋ የመቶ አለቃው ተላላኪ ወታደር ነው፤ በዕድሜው ገና ልጅ፥ ቁመቱ አጭር፥ ንግግሩ ጥቂት፥ ከአልታይ አገር የመጣ። የማይችለው ሙያ የለም፤ ጠጕር ይቆርጣል፥ ጫማ ይጠግናል፥ በዝናብ ውስጥ እሳት ያያይዛል፥ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ምግብ ያቀርባል። ጌታውንም ይቈጣዋል፤ ለምን አልበላህም፥ ለምን አልተኛህም ይለዋል። የሩሲያ ሐያስያን ስለዚህ ሰው ብዙ ጽፈዋል፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ በቋንቋችን ስም አለውና። ቫሌጋ ጋሻ ጃግሬ ነው። የጌታውን ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ የሚከተል፥ ጌታው ሲወድቅ ከአጠገቡ የሚወድቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ከአያቶቻችን ወሬ እናውቃለን።

ነገር ግን ጋሻ ጃግሬና ባልንጀራ አንድ ናቸውን? ባልንጀራ የሚለው ቃል ባለ እንጀራ ከማለት የመጣ ነው ይባላል፤ ከአንድ ገበታ የሚቈርስ ማለት ነው። ጋሻ ጃግሬ ግን ገበታውን ያቀርባል እንጂ ከጌታው እኩል አይቀመጥም። ኔክራሶቭ ይህን ልዩነት ሊሸፍነው አልሞከረም። ኬርዠንትሴቭ በአንድ ቦታ ስለ ቫሌጋ ሲያሰላስል ልጁ በጭንቅ እንደሚያነብ፥ ሒሳብም እንደሚያምታታው፥ አገር ወይም ሶሻሊዝም ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ በቃል ማስረዳት እንደማይችል ይናገራል፤ ይሁን እንጂ ለአጠገቡ ሰዎችና ስሙን በሚገባ ሊያብራራው ለማይችለው ለዚያ ነገር እስከ መጨረሻው እንደሚዋጋ ያውቃል። እዚህ ላይ የተማረው ሰው ያልተማረውን የሚያደንቅበት ድምፅ ይሰማል፤ ከፍቅሩም ጋር ጥቂት ከላይ ወደ ታች መመልከት አለበት። እኔ ይህን እንደ ነውር አልቈጥረውም። መኮንን ከተላላኪው ጋር ፍጹም እኩል ነው ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ሐሰት ይሆን ነበር። እውነቱ የሚታየው በሌላ በኩል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ማንም ለማንም እወድሃለሁ አይልም፤ ወንድሜ ሆይ ብሎ ንግግር የሚያደርግም የለም። ሁሉ ነገር በቆርቆሮ ሥጋ፥ በትምባሆ፥ በደረቀ የእግር ጨርቅ ይነገራል። የሰው ልክ የሚታወቀው ሌላው ሳያስበው ምን አስቀምጦ እንደ ቆየለት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እምብርት እንምጣ። በማማየቭ ኩርጋን ላይ ጀርመኖች የያዟቸው ትላልቅ የውሃ ጋኖች አሉ። እነርሱን ለመያዝ የተዘጋጀው ዕቅድ በመገናኛ ቦዩ በኩል ተጠግቶ ጠላትን በድንገት መያዝ ነበር። የሬጅመንቱ የጦር መምሪያ አለቃ ሻምበል አብሮሲሞቭ ግን ይመጣና ዕቅዱን ይሽራል፤ በግልጽ ሜዳ ፊት ለፊት አጥቁ ይላል፤ የዘገየውን በሽጉጥ እያስፈራራ ያስወጣል። መትረየሱ ያጭዳቸዋል። ከሞቱት አንዱ ሁላችንም የወደድነው ካርናውኾቭ ነው። ጋኖቹም አልተያዙም።

ከዚህ በኋላ የጦር ፍርድ ቤት ይሰየማል። አብሮሲሞቭ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋኖቹ በጅምላ ማጥቃት ካልሆነ በቀር ሊያዙ አይችሉም ነበር ይላል። ሌሎቹ ይመሰክራሉ፤ ፋርበርም ይቆማል። ይህ ፋርበር በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ ከወታደርነት የራቀ ሰው ሆኖ የኖረ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፥ በራሱ የሚያፍር፥ ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥ። አሁን በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ያየውን በተራ ይናገራል። አያለቅስም፥ አይጮኽም። አብሮሲሞቭ ማዕረጉ ተገፎ ወደ ቅጣት ጦር ይላካል።

በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ዋና የባልንጀርነት ሥራ ይህ ምስክርነት ነው። ሕይወት ላለው ባልንጀራ ትምባሆ ማካፈል ብዙ አያስቸግርም፤ ከሙታን ግን የሚመለስ ውለታ የለም። ለእነርሱ የሚቀርላቸው፥ የሞቱበትን ምክንያት በአለቆች ፊት ቆሞ ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው። ፋርበር በውጊያው ላይ ያልታየበት ጀግንነት እዚህ ታየበት፤ ኔክራሶቭም ይህን ያደረገው በቹማክ ወይም በሌላ ደፋር ሰው አፍ አለመሆኑ ትልቅ ማስተዋል ነው። ፉከራ ከቹማክ ይጠበቃል፤ ምስክርነት ግን ከዓይነ ደካማው መጣ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የመጽሐፉ ወሰን ያለው እዚህ ላይ ነውና። አብሮሲሞቭ የተፈረደበት የበላዩ አዛዥ የሰጠውን ትእዛዝ አጣምሞ ከሥልጣኑ በላይ ስለሄደ ነው። ጥፋቱ መካከል ላይ ያለ የአንድ መኮንን ጥፋት ሆኖ ይቀራል፤ ከእርሱ በላይ ያሉት ንጹሐን ናቸው። ያ ትእዛዝ ከላይ የመጣ ቢሆን ኖሮ ፋርበር በማን ፊት ይቆም ነበር? በዚያ ጦርነት ያለ ፈቃድ ማፈግፈግን የከለከለው 227ኛው ትእዛዝ የወጣው ጁላይ 28 ቀን 1942 ነው፤ የቅጣት ሻለቆችንም ያቋቋመው እርሱ ነው። ኔክራሶቭ ግን ጥያቄውን ከዚያ በላይ አያወጣውም። በ1946 የሚታተም መጽሐፍ እስከዚህ መድረሱ ራሱ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ሐያሲ ደራሲው የቆመበትን ቦታ ማመልከት ግዴታው ነው።

ከዚያ ቦታ ተነሥቶ ወደፊት የሄደው ሌላ ሰው ነው። ቫሲሊ ግሮስማን በስታሊንግራድ የጦር ሠራዊቱ ጋዜጣ ወኪል ነበር፤ «ሕይወትና ዕጣ» የተባለውን ታላቅ ልብ ወለዱን በ1960 ጨረሰ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በጀርመኖች መካከል ተቆርጦ የቀረ «ስድስት ሥረዝ አንድ» የሚባል ቤት አለ፤ የሚያዝዘውም ግሬኮቭ የሚባል መኮንን ነው። ግሬኮቭ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት መጻፍ ትቷል፤ ሰዎቹ እንደ ልባቸው ይናገራሉ፥ በማዕረግም አይፈራሩም። ኔክራሶቭ ዘንድ ባልንጀርነት ትእዛዝን የሚያለሰልስ ነገር ነበር፤ ግሮስማን ዘንድ ግን ባልንጀርነት ነጻነት ሆነ። ስለዚህም ቤቱን እንዲያስተካክል ክሪሞቭ የተባለ የፖለቲካ ኮሚሳር ይላካል። በስታሊንግራድ ፍርስራሽ ውስጥ መንግሥት ከጠላት ቦምብ ይልቅ የጥቂት ሰዎችን መተማመን ፈራ ለማለት ነው። ከሁሉ የማልረሳው ግን ይህ አይደለም። ግሬኮቭ በቤቱ ያለችውን የሬዲዮ ሠራተኛ ልጅ ካትያን ይፈልጋታል፤ እርስዋ ግን ሰርዮዛ የሚባለውን ወጣት ወታደር ወድዳለች። ቤቱ ከመደምሰሱ በፊት ግሬኮቭ ሁለቱንም አንድ ላይ ከዚያ አውጥቶ ይሰዳቸዋል። ምክንያቱን አያብራራም። ይህን ገጽ ከቫሌጋ ገጾች አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

የሁለቱ መጻሕፍት ዕድልም እንደ ርቀታቸው ሆነ። የኔክራሶቭ በ1947 ተሸለመ፤ በ1956ም «ወታደሮች» በሚል ስም ፊልም ሆነ፥ ፋርበርን የተጫወተው ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ነው። የግሮስማን ግን በ1961 የጸጥታ ሰዎች ቤቱ ገብተው ጽሑፉን ወሰዱት፤ እርሱ በ1964 ሞተ፤ መጽሐፉ በ1980 በስዊስ አገር በሎዛን፥ በአገሩም በ1988 ታተመ።

ስለ ኔክራሶቭ መጽሐፍ ጉድለት ከተነሣ ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። አንደኛው፥ የከተማዋ ሰዎች ከቦምቡ ድብደባ በኋላ ከመጽሐፉ እየጠፉ መሄዳቸው ነው። ብዙ ሺህ ሴቶች፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በውጊያው ሁሉ በምድር ቤቶችና በጉድጓዶች ውስጥ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ሉስያ ግን ከኮረብታው ሽርሽር በኋላ ትዝታ ብቻ ሆና ትቀራለች። የሰፈር ውጊያ ማለት በሰው ቤት ውስጥ የሚደረግ ውጊያ ነው፤ ባለቤቶቹ የት ደረሱ ብሎ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ሁለተኛው፥ ጠላት ፊት የለውም። በግድግዳ ብቻ ከተለየ ሰው ጋር ወራት የኖረ ወታደር ሳሉን፥ ዘፈኑን፥ የዕቃውን ኳኳታ ይሰማል። በ1946 ቁስሉ ገና ትኩስ ስለ ነበር ደራሲውን መውቀስ ይከብዳል። ቢሆንም እዚያ ጋ አንድ በር እንደ ተዘጋ ይሰማኛል።

የደራሲው የኋላ ሕይወት ከመጽሐፉ የተለየ ነገር ቢሆንም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በኪየቭ ከተማ ባቢ ያር የሚባል ሸለቆ አለ፤ ናዚዎች በሴፕቴምበር 1941 በሁለት ቀን ብቻ 33,771 አይሁድን የረሸኑበት ቦታ ነው። ከ25 ዓመት በኋላ በ1966 በዚያ የመታሰቢያ ሐውልት አልነበረም። በዕለቱ ያለ ባለ ሥልጣኖች ፈቃድ ሰው ተሰበሰበ፤ ኔክራሶቭም ቆሞ ተናገረ። በ1973 ከፓርቲው ተባረረ፤ በ1974 አገሩን ለቅቆ ወጣ፤ የተሸለመው መጽሐፉ ሳይቀር ከየቤተ መጻሕፍቱ ተነሣ። በ1987 በፓሪስ ሞተ። ከ1947 ጀምሮ ሽልማት የያዘ፥ ዝም ቢል ኖሮ በክብር ሊጦር ይችል የነበረ ሰው ነው። ለፋርበር የሰጠውን ቃል ራሱ ተነሥቶ መናገሩን ስናውቅ፥ የፍርድ ቤቱን ምዕራፍ እንደገና ገልጠን እናነበዋለን።

መጽሐፉን በክፍል ውስጥ ለማስነበብ የሚያስብ መምህር ቢኖር፥ ሁሉን ለመጨረስ ጊዜ ስለማይበቃ፥ የኮረብታውን የሌሊት ውጊያ ትቶ ሦስቱን ክፍሎች በተከታታይ ቢያስነብብ ይሻላል እላለሁ፤ ስለ ቫሌጋ የሚናገረውን ገጽ፥ በጋኖቹ ላይ የተደረገውን ማጥቃት፥ ችሎቱን። ተማሪዎቹ ፋርበር ተናግሮ ከተቀመጠ በኋላ በዚያ የነበሩት ሰዎች ምን ያደርጉ እንደ ነበር ይፈልጉ፤ ደራሲው ያን ቦታ እንዴት ባለ ጥቂት ቃል እንዳለፈው ያያሉ።